በርክክብ ቀን የሚያምር ድረ ገጽ

ሰንጋ ተራ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣ መጋረጃው ተዘግቶ ፕሮጀክተሩ በርቷል። ድረ ገጹን የሠራው ወጣት ማውሱን በዝግታ ያንቀሳቅሳል። ከላይ ሰፋፊ ምስሎች ይንሸራተታሉ፤ መጀመሪያ ሕንፃው ከሰማይ በድሮን የተነሣ፣ ቀጥሎ ሁለት ሰዎች ሲጨባበጡ፣ ቀጥሎ የዋና ሥራ አስፈጻሚው መልእክት ከነፎቶግራፋቸው። «ፎቶው ትንሽ ከፍ ይበል» ይላሉ አንድ ኃላፊ። ከፍ ይላል። «ወርቃማው የድርጅታችን ቀለም ነው፤ ርዕሶቹ ሁሉ በእሱ ይሁኑ» ይላሉ ሌላው። ይሆናሉ። ሻይ ይመጣል፣ የርክክብ ሰነዱ ጠረጴዛውን ዞሮ ይፈረማል፣ ይጨበጨባል።

ከፈረሙት አንዱ እኔ ነኝ። በቴክኒክ አማካሪነት ተጠርቼ ነበር፤ ፕሮጀክተሩ ላይ ያየሁት ነገር ደግሞ በእርግጥ ያምር ነበር። ከሕንፃው ስወጣ በሩ ላይ ጥበቃው ለአንዲት ወጣት «የሥራ ማስታወቂያ እዚህ አንለጥፍም፤ ድረ ገጹ ላይ ነው ያለው» ይላታል። እሷም ከአጥሩ ጥግ ቆማ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልኳን ከቀትሩ ፀሐይ በመዳፏ ከልላ ትፈልጋለች። «ጋሼ፣ እባክዎ ይቺን ይዩልኝ፤ ምንም አይታየኝም» አለችኝ። አየሁላት። ወርቃማዎቹ ርዕሶች በነጩ ገጽ ላይ ጠፍተዋል። ሜኑው ሦስት ቀጫጭን መስመሮች ሆኖ ከጥግ ተደብቋል። ማስታወቂያውን ስናገኘው ደግሞ የተቃኘ ወረቀት ፎቶ ነው፤ ፊደሉ እንደ ጉንዳን ይተራመሳል፣ በጣት ሲሳብ ወደ ጎን ያመልጣል። የማመልከቻውን የመጨረሻ ቀን ለማንበብ ሁለታችንም ሃያ ደቂቃ ፈጀብን። ፊርማዬ ገና አልደረቀም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ድርጅቶች ስለ ድረ ገጻቸው ሲያማክሩኝ የምነግራቸው አንድ ነገር ነው። አብዛኛው የድርጅት ድረ ገጽ የሚሠራው ለርክክብ ቀን ነው። የሚመዘነው በትልቅ ስክሪን፣ በፈጣን ኢንተርኔት፣ በጨለመ ክፍል ውስጥ፣ ምንም ጉዳይ በሌላቸው ሰዎች ዓይን ነው። ጉዳይ ያለው ሰው ግን ውጭ፣ ፀሐይ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ወይም ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ነው ያለው።

በባለሙያዎች ዘንድ ሁለት ቃላት አሉ። አንዱ የአጠቃቀም ምቹነት ነው። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት አይሶ በቁጥር 9241 ክፍል 11 ላይ ይህን በሦስት ነገር ይለካዋል፦ ሰውየው የመጣበትን ጉዳይ ፈጽሟል ወይ? ለመፈጸም ምን ያህል ጊዜና ልፋት ፈጀበት? ሲጨርስስ ደስ ብሎት ወጣ ወይስ ተማርሮ? ልብ ይበሉ፤ ውበት ከሦስቱ ውስጥ በስሙ አልተጠራም። ሁለተኛው ተደራሽነት ነው። ያንኑ ጉዳይ ማየት የተሳነው፣ መስማት የተሳነው፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ወይም ማውስ መያዝ የማይችል፣ ረጅም ጽሑፍ የሚያደክመው ሰውም መፈጸም ይችላል ወይ ብሎ ይጠይቃል።

ሁለቱን ለየብቻ በሁለት መደርደሪያ ማስቀመጥ ልማድ ሆኗል፤ ምቹነት ለሁሉም፣ ተደራሽነት ደግሞ «ለእነሱ»። በሕንፃው በር ላይ ያገኘኋት ወጣት ግን ዓይኗ ጤነኛ ነበር። ፀሐዩና የተሰነጠቀው መስታወት ለሃያ ደቂቃ ማየት የተሳናት አደረጓት እንጂ። ልጅ በአንድ እጇ ያቀፈች እናት ለጊዜው ባለ አንድ እጅ ናት። ሚኒባስ ውስጥ ያለ ማዳመጫ ቪዲዮ የሚያይ ሰው ለጊዜው አይሰማም። ለአካል ጉዳተኛ ተብሎ የተስተካከለ ገጽ የሚጠቅማቸው ሰዎች ቁጥር ሁልጊዜ ከታሰበው ይበልጣል።

መለኪያውን የሚያወጣው የዓለም አቀፉን ድር ደረጃዎች የሚወስነው ደብልዩ ሦስት ሲ የተባለው ጥምረት ነው፤ ድሩን የፈጠረው ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1994 የመሠረተው። የመጀመሪያው የተደራሽነት መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1999 ወጣ፤ ሁለተኛው በ2008፤ ከዚያ 2.1 በ2018 እና 2.2 በ2023 ተከተሉ። መመሪያው ረጅም ነው፤ መሠረቱ ግን አራት ጥያቄ ነው። ይዘቱ በዓይን ወይም በጆሮ ወይም በጣት ሊደረስበት ይችላል? ያለ ማውስ ሊታዘዝ ይችላል? ይገባል? በተለያየ ስልክና አጋዥ ሶፍትዌር ላይ ሳይፈርስ ይቆማል? የማክበር ደረጃዎቹ ደግሞ ሦስት ናቸው፤ በእንግሊዝኛው ፊደል አንድ ኤ፣ ሁለት ኤ፣ ሦስት ኤ ይባላሉ። አገሮች በሕጋቸው የሚጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ መካከለኛውን፣ ሁለት ኤን ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ደረቅ ነው። ጓደኛዬ ቢሮ ገብቶ ማየት ይሻላል።

ጓደኛዬ የሕግ ባለሙያ ነው፤ ዓይኑ አያይም። ቢሮው ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ደረጃው ከሚያዳልጥ የቆየ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ኤንቪዲኤ የተባለ ስክሪን ሪደር ጭኗል። በገጹ ላይ ያለውን ወደ ድምፅ የሚለውጥ፣ በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው፤ የፈጠሩትም ማይክል ከራን እና ጄምስ ቴ የተባሉ፣ ራሳቸው ማየት የተሳናቸው ሁለት አውስትራሊያውያን ናቸው። የጓደኛዬ ስክሪን አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ነው። «ለማን ብዬ መብራት ላባክን?» ይላል። ድምፁን እኔ አንድ ቃል መያዝ በማልችልበት ፍጥነት ነው የሚሰማው።

አንድ ቀን የዚያን የፈረምኩበትን ድርጅት ድረ ገጽ እንዲያይልኝ ጠየቅሁት። ኪቦርዱ ላይ ኤች የምትለዋን ቁልፍ ተጫነ። ይህች ቁልፍ ከአንድ ርዕስ ወደሚቀጥለው ርዕስ የምታዘል ናት፤ ዓይናማ ሰው ገጹን ላይ ላዩን ገረፍ አድርጎ እንደሚያየው እሱ በእሷ ይቃኘዋል። «ርዕስ የለም» አለው። በገጹ ላይ ግን ስምንት ርዕስ ይታየኛል፤ ሁሉም ትልልቅና ወርቃማ። ሠሪው ፊደሉን አተለቀው እንጂ በኮዱ ውስጥ «ይህ ርዕስ ነው» ብሎ አልነገረውም። ለዓይን ርዕስ፣ ለጆሮ ተራ መስመር። ጓደኛዬ በታብ ቁልፍ እየዘለለ ቀጠለ። «ሊንክ፣ ተጨማሪ ያንብቡ። ሊንክ፣ ተጨማሪ ያንብቡ። ሊንክ፣ ተጨማሪ ያንብቡ።» ስድስት ጊዜ። ስለ ምን ተጨማሪ? የሚያውቀው የሚያይ ብቻ ነው።

በመጨረሻ የሥራ ማስታወቂያው ላይ ደረሰ። ምስሉ ሲነካ እንዲሰፋ ሊንክ ስለተደረገ፣ ሶፍትዌሩ የሚለው ቢያጣ የፋይሉን ስም በእንግሊዝኛ አነበበለት፤ ስካን፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ አራት፣ ሰባት። ሌላ ምንም የለም። እኔ ወረቀቱን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የሥራ መደቡ፦ የሕግ ባለሙያ። የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ ብዛት፣ ደመወዝ በድርጅቱ ስኬል መሠረት። መጨረሻው ላይ በደማቁ፦ «አካል ጉዳተኞች እንዲያመለክቱ ይበረታታሉ።» ጓደኛዬ እስኪያስለው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ለምንድን ነው ይህን ያህል ድርጅት ማስታወቂያውን በፎቶ የሚለጥፈው? ስንፍና ይመስለኝ ነበር። የሰው ኃይል ሠራተኛዋን ስጠይቃት መልሷ ሌላ ነበር፦ «ማኅተሙ ካልታየ ማን ያምነናል?» እውነቷን ነው። በእኛ አገር ክቡ ማኅተም ያላረፈበት ጽሑፍ ወሬ ነው። ስለዚህ በኮምፒውተር የተጻፈው ጽሑፍ ይታተማል፣ ይፈረማል፣ ይመታበታል፣ ከዚያ ተቃኝቶ ፎቶ ሆኖ ወደ ኮምፒውተር ይመለሳል። በዚህ ዙር ጉዞ ጽሑፍነቱን ያጣል፤ አይነበብም፣ በፍለጋ አይገኝም፣ አይገለበጥም፣ በስልክ ስፋት ልክ አይታጠፍም።

የዳታውም ነገር አለ። የአማርኛ አንድ ፊደል በዛሬው የኮምፒውተር አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል። 1,500 ፊደል ያለው ማስታወቂያ 4,500 ባይት ገደማ ነው ማለት ነው። ያው ማስታወቂያ ፎቶ ተነሥቶ 2 ሜጋባይት ቢሆን ክብደቱ ከአራት መቶ ጊዜ በላይ ይጨምራል። ክፍያው ከሥራ ፈላጊው ኪስ ነው። መፍትሔው ማኅተሙን መተው አይደለም፤ ጽሑፉን እንደ ጽሑፍ ገጹ ላይ ማስቀመጥ፣ ማኅተም ያለበትን ቅጂ ደግሞ ከሥሩ ማያያዝ ነው። አሥር ደቂቃ ይፈጃል።

እዚህ ላይ የፊደላችን ጉዳይ ይመጣል፤ የውጭ መመሪያዎች የማይነግሩን፣ ራሳችን ልናስብበት የሚገባን።

ፊደላችን ኮምፒውተሮች ለዓለም ፊደላት ሁሉ በሚጠቀሙበት የጋራ የቁጥር ሠንጠረዥ፣ በዓለም አቀፉ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የግዕዝ ሶፍትዌሮች የላቲኑን ፊደል ቦታ ተበድረው ነበር የሚሠሩት፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የእንግሊዝኛ ምልክቶችን ነው፣ ፎንቱ ግን «በ» አድርጎ ያሳያል። በዚያ ዘመን የተዘጋጀ ሰነድ ዛሬም በፒዲኤፍ መልክ በየድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አለ። ለዓይን ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ገልብጠው ሌላ ቦታ ቢለጥፉት ግን ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ይወጣል፤ ስክሪን ሪደሩም የሚያነበው ያንኑ ክምር ነው። ሌላው ስሕተት ደግሞ አዲስ በተሠሩ ገጾች ላይ ያለ ነው። በእያንዳንዱ ገጽ ኮድ አናት ላይ ቋንቋው ምን እንደሆነ የሚነገርበት አንድ ምልክት አለ። ከውጭ የተገዛ ዝግጁ ንድፍ «እንግሊዝኛ» ተብሎ ይመጣል፤ አማርኛው ሲገባ ማንም አይቀይረውም። የጓደኛዬ ሶፍትዌር ኢስፒክ የተባለ አማርኛ የሚችል ድምፅ አለው፤ ቆርቆሮ የሚመታ የመሰለ ቢሆንም ይግባባል። ግን ገጹ ራሱን እንግሊዝኛ ካለ፣ ያንን ድምፅ የሚጠራው የለም። ማስተካከያው ሁለት ፊደል መቀየር ነው። ሁለት!

የፊደሉ መጠንም አለ። የላቲኑ «ኦ» ክብ ብቻ ናት። የእኛ «ሕንፃ» በሦስት ፊደል ውስጥ ስንት እግር፣ ስንት ቅጥያ፣ ስንት ቀለበት አለው! «ሰ» እና «ሸ»፣ «ነ» እና «ኘ»፣ «ቡ» እና «ቢ» የሚለዩት በአንዲት ሰረዝ ነው። ንድፉ የሚሠራው በላቲን የማስመሰያ ጽሑፍ ስለሆነ፣ ለላቲን የሚበቃው መጠን ለእኛ ይደፈርሳል። እኔ ለአማርኛ ጽሑፍ ከ18 ፒክስል በታች አልወርድም፤ በመስመሮች መካከልም ሰፋ አደርጋለሁ። ግራፊክ ዲዛይነሮች በዚህ ጉዳይ ይቀየሙኛል።

ከዚያ አዝራሮቹ። «ግባ» የሚል አዝራር ያያት ሴት ምን ትበል? አማርኛ ትእዛዝ ሲሰጥ ጾታና አክብሮት ይመርጣል፤ እንግሊዝኛው አይመርጥም። ስለዚህ ያለ ሐሳብ የተተረጎመ ገጽ ደንበኛውን ሁሉ እንደ ታናሽ ወንድሙ ያዘዋል። አንዱ ገጽ ላይ «ይግቡ»፣ ሌላው ላይ «አስገባ»፣ ሦስተኛው ላይ «ተመዝገቢ» የሚል አይቻለሁ፤ በአንድ ድርጅት። አንዱን መርጦ፣ በተለይ «እርስዎ»ን መርጦ፣ እስከ መጨረሻው መጽናት ነው። የስሕተት መልእክቶችም እንዲሁ። «ልክ ያልሆነ ግቤት» ምን ማለት ነው? አማርኛ ይመስላል እንጂ አማርኛ አይደለም። «ስልክ ቁጥሩ አንድ አኃዝ ይጎድለዋል» ቢል እናቴም ታስተካክለዋለች።

ስልክ ቁጥር ካልን፣ በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮች ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ በእያንዳንዱ ሠፈር አሉ። በ09 ብቻ ካልጀመረ አልቀበልም የሚል ቅጽ ዛሬ ሲገጥመኝ ሠሪው የት ከርሞ እንደመጣ እጠይቃለሁ።

የስሙ፣ የቀኑና የሰዓቱ ነገር ግን ከሁሉ የሚብስ ነው። «የቤተሰብ ስም» የሚል፣ ካልተሞላ የማያሳልፍ ሣጥን አለ። እኛ የራሳችን ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም አለን፤ የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ የአባቱን ይሞላል፣ ሌላው የአያቱን፤ ከዓመት በኋላ መዝገቡ ውስጥ አንድ ሰው ሁለት ሰው ሆኖ ይገኛል። ጳጉሜ 6 ቀን 1987 ዓ.ም. የተወለደ ሰው አሥራ ሁለት ወር ብቻ ባለው የቀን መምረጫ ላይ ምን ይምረጥ? የእሱ ልደት በጎርጎርዮሳዊው ሴፕቴምበር 11፣ 1995 ነው፤ ግን ይህን አስልቶ እንዲመጣ የሚጠበቅበት ለምንድን ነው? ማስላት የኮምፒውተሩ ሥራ መሰለኝ።

ሰዓቱ ደግሞ ጉዳት ያደርሳል። አንድ የማውቀው ልጅ ለቃለ መጠይቅ ሲጠራ፣ ገጹ ላይ በአማርኛ «3:00 ሰዓት» ይላል። ከእንግሊዝኛው በቀጥታ የተገለበጠ ነው። ልጁ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ደርሶ ተቀመጠ፤ የታሰበው ከቀኑ 9 ሰዓት ነበር። ስድስት ሰዓት ጠብቆ ገባ። እሱ እንኳን ቀድሞ ነው የደረሰው፤ የተጻፈው «9:00» ሆኖ የታሰበው ጠዋት ቢሆን ኖሮ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲደርስ ወንበሩ ተይዞ ይጠብቀው ነበር። «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ» የሚሉ ቃላት አሉን፤ ቦታም አይፈጁም።

የፍለጋ ሣጥንስ? «ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ» በአማርኛ አንድ ድምፅ ናቸው፤ «ጸ» እና «ፀ» እንዲሁ። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ብቻ በ12 መንገድ መጻፍ ይቻላል ማለት ነው። የቅርንጫፎች ዝርዝር ላይ «አራት ኪሎ» ብሎ የሚፈልግ ሰው፣ ድርጅቱ «ዐራት ኪሎ» ወይም «4 ኪሎ» ብሎ መዝግቦት ከሆነ «ምንም አልተገኘም» ይባላል። ቅርንጫፉ ግን አሁንም ከሐውልቱ ወረድ ብሎ ክፍት ነው። ሞክሼ ፊደላትን ከፍለጋው በፊት ወደ አንድ መልክ የሚያመጣ ኮድ መጻፍ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ የትኛውም ከውጭ የተገዛ ንድፍ ግን አያስብልንም።

ወደ ወርቃማው ቀለም ልመለስ። የጽሑፍና የጀርባ ቀለም የብርሃን ልዩነት በቁጥር ይለካል። ጥቁር በነጭ ላይ 21 ለ 1 ነው፤ ከዚያ በላይ የለም። መመሪያው ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1፣ ለትልልቅ ፊደል 3 ለ 1 ይጠይቃል። ንጹሕ ቢጫ በነጭ ላይ 1.07 ለ 1 ነው፤ ማለትም ጽሑፉ አለ ለማለት ያህል ነው ያለው። ወርቃማ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ዌብኤይም የተባለው ተቋም በየዓመቱ የአንድ ሚሊዮን ድረ ገጾችን የፊት ገጽ በመሣሪያ ይፈትሻል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ከመቶ 95.9ኙ ላይ ስሕተት አግኝቷል፣ በብዛት አንደኛውም ይኸው የደበዘዘ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ እኛ ብቻ አይደለንም። የድርጅቱን ቀለም መተው አያስፈልግም፤ ወርቁን ከጀርባ አድርጎ ጽሑፉን ጥቁር ማድረግ ይበቃል።

ሕጉስ ምን ይላል? የመንግሥታቱ ድርጅት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 ጸደቀ፤ ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀበለችው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ኢንተርኔትን በስም ይጠራል። አንቀጽ 21 ደግሞ መንግሥታት ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጡ የግል ድርጅቶችን፣ በኢንተርኔት የሚሰጡትንም ጨምሮ፣ መረጃና አገልግሎታቸውን ተደራሽና ለአጠቃቀም አመቺ አድርገው እንዲያቀርቡ እንዲያሳስቡ ይላል፤ ሁለቱ ቃላት እዚያ ጎን ለጎን ናቸው። ሕንፃን በተመለከተ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖረው ጠይቋል። ስለ ድረ ገጽ ግን ስምምነቱ የሚለው ይህን ያህል የተዘረዘረ ነገር ሳይሆን «ማሳሰብ» ነው። ጓደኛዬ ይህን ልዩነት ሲያስረዳ ጠረጴዛውን በጣቱ ይመታል።

በሌላ አገር ጉዳዩ ለፍርድ ከደረሰ ቆይቷል። ብሩስ ማጉዋየር የተባለ ማየት የተሳነው አውስትራሊያዊ የሲድኒ ኦሎምፒክ አዘጋጆችን ድረ ገጻቸውን መጠቀም ባለመቻሉ ከሷቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ተፈረደለት፤ 20,000 የአውስትራሊያ ዶላርም ተወሰነለት። በአሜሪካ ጊየርሞ ሮብልስ ፒዛ በድረ ገጽ ማዘዝ አቅቶት ዶሚኖስን ከሰሰ፤ ኩባንያው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወስዶት በ2019 ሳይሰማለት ቀረ። ከጁን 28፣ 2025 ጀምሮ ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት የተደራሽነት ሕጉ በሥራ ላይ ነው፤ ለአውሮፓ ሸማቾች በድረ ገጽ የሚሸጥ የአዲስ አበባ ድርጅትም የቤት ሥራ አለበት።

በነገራችን ላይ፣ «ይህችን አንድ መስመር ኮድ ብቻ ያስገቡ፣ ገጽዎ ወዲያው ተደራሽ ይሆናል» የሚሉ ሻጮች እዚህም መጥተዋል። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2025 እንዲህ ያለ ምርት የሚሸጠውን አክሰሲቢ የተባለ ኩባንያ በአሳሳች ማስታወቂያ ወንጅሎ አንድ ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አዟል። ገጹ ራሱ ርዕሱን ርዕስ ካላለ፣ ከላይ የሚለጠፍ ምልክት ከየት ያመጣዋል?

ታዲያ ከመፈረሙ በፊት እንዴት ይፈተሻል? ያኮብ ኒልሰን የተባለው የዘርፉ አንጋፋ አምስት ሰው ይበቃል ይላል፤ በእሱ ስሌት አምስት ተጠቃሚ ከችግሮቹ 85 በመቶ ያህሉን ያጋልጣል። እኔም አምስት ሰው እጠራለሁ፤ ፒያሳ ካለው ቢሮዬ አጠገብ ልብስ የሚሰፋውን፣ አንድ ተማሪ፣ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት፣ ጓደኛዬን፣ አንድ ደግሞ ከመንገድ። ግን እዚህ አገር አንድ ችግር አለ፤ ይሉኝታ። «እንዴት ነው?» ካልናቸው ሁሉም «በጣም ጥሩ ነው» ይላሉ። ስለዚህ አስተያየት አልጠይቅም፤ ጉዳይ እሰጣለሁ። «የአራት ኪሎን ቅርንጫፍ ስልክ ያግኙልኝ» እላለሁ፣ ከዚያ እጄን ከኋላዬ አጣምሬ ዝም እላለሁ። ዝም ማለቱ ከባድ ነው።

መምህርቷ አንድ ቀን ደማቅና የተሰመረበት ርዕስ በአውራ ጣታቸው ነኩ። አልተከፈተም፤ ሊንክ አልነበረም፣ ለውበት ነው የተሰመረበት። ደግመው ነኩ። ጠበቁ። መነጽራቸውን አስተካክለው ሦስተኛ ነኩ። ከዚያ ቀና ብለው «ይቅርታ ልጄ፣ እኔ ነኝ ያልቻልኩበት፤ ኔትወርኩም ሳይሆን አይቀርም» አሉኝ። አፋቸውን ሰምቼ ቢሆን ገጹ ነፃ ይወጣ ነበር። አውራ ጣታቸው ግን መሰከረች።

ይህ ሁሉ የሚወሰነው ግን ከርክክቡም ከፍተሻውም በፊት፣ የጨረታ ሰነዱ ሲጻፍ ነው። ያየኋቸው ሰነዶች «ዘመናዊ፣ ማራኪና ደረጃውን የጠበቀ ድረ ገጽ» ይላሉ። የትኛውን ደረጃ? አይሉም። በዚህ ቃል ማንም ተጫራች ሊጠየቅ አይችልም። አሁን እኔ የማስገባቸው ሐሳቦች የሚለኩ ናቸው፤ የተደራሽነት መመሪያው 2.2፣ መካከለኛው ደረጃ፤ ሁሉም ጉዳይ በኪቦርድ ብቻ መፈጸም አለበት፤ ፊደሉ በእጥፍ ቢተልቅ ምንም አይጥፋ፤ ቅጾች የአያት ስምንና ጳጉሜን ይወቁ፤ ፍለጋው ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ ይቁጠር። ርክክቡም በፕሮጀክተር አይሆንም። ኮሚቴው ስልኩን ይዞ፣ የቢሮውን ዋይፋይ አጥፍቶ፣ በረንዳ ላይ ወጥቶ ይሞክራል። የመጨረሻው ክፍያ ደግሞ ልክ ለሕንፃ ግንባታ እንደሚያዘው ሁሉ እስከ ስድስት ወር ይያዛል፤ ምክንያቱም ገጹን በየቀኑ የሚሞሉት የድርጅቱ ሠራተኞች ናቸው፣ ያለ ሥልጠና ከተተዉ በሦስተኛው ሳምንት የተቃኘው ወረቀት ይመለሳል።

ሰንጋ ተራ ያለው ያ ድርጅት ከብዙ ልመና በኋላ ገጹን አስተካክሏል። ርዕሶቹ ጥቁር ሆነዋል፤ ወርቁ ከጀርባቸው ነው። የሥራ ማስታወቂያው በጽሑፍ ይወጣል፣ ማኅተም ያለበት ቅጂ ከሥሩ ተያይዟል፤ ጓደኛዬ በኤች ቁልፍ እየዘለለ ያነበዋል። የዋና ሥራ አስፈጻሚው ፎቶ ግን አሁንም ይንሸራተታል። እሱን ይውጣ ብሎ ለመናገር እኔም አልደፈርኩም።